ከፊደል ጋር የታገለው ዲያቆን

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሁለት ፊደላት ብቻ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ እነዚህን ፊደላት ጎን ለጎን የያዘ ቃል አምጡ ቢሉን ምን እንመልሳለን? ፊደላቱ ጂ እና ፒ ናቸው እንበል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሲሞክሩት ግን ጂ ያለበት ቃል በሽ ነው፣ ፒ ያለበትም በሽ ነው፤ ሁለቱ ተጎራብተው የተቀመጡበት ቃል ግን ቶሎ ብሎ ወደ ሐሳብ አይመጣም። ከመልሶቹ አንዱ «ማግፓይ» ነው። ማግፓይ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ ከቁራ ወገን የሚቆጠር ወፍ ሲሆን ኤም፣ ኤ፣ ጂ፣ ፒ፣ አይ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ጥያቄ ከነመልሱ ለጨዋታ ያቀረበው ሰው በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው። እርሱም ስለ አሊስ፣ ማለትም ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ገባችው ልጅ የጻፈው ሉዊስ ካሮል ነው። ሉዊስ ካሮል የብዕር ስሙ ነው እንጂ እውነተኛ ስሙ ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን ይባል ነበር። ሰውየው የሒሳብ መምህር፣ ፎቶግራፍ አንሺና ዲያቆን ነበረ። አንደበቱም ይያዝ ነበር። ስለ አሊስ ብዙ ስለ ተጻፈ፣ እኔ ዛሬ ታሪኩን በዚህኛው በኩል፣ በአንደበቱና በፊደል በኩል ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቻርልስ ጃንዋሪ 27 ቀን 1832 በእንግሊዝ አገር በቼሽር አውራጃ ዳርስበሪ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ቤቱ አሥራ አንድ ልጆች የሞሉበት ሲሆን ሰባቱ ሴቶች፣ አራቱ ወንዶች ነበሩ። ቻርልስ በልደት ሦስተኛ፣ ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያው ነው። ከልጆቹ የሚንተባተበው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከእኅቶቹና ከወንድሞቹም በዚሁ የሚቸገሩ ነበሩ። በተጨማሪም በልጅነቱ ታምሞ አንድ ጆሮው፣ የቀኙ፣ መስማት ተስኖት ቀረ።

በ1843 አባቱ ወደ ሰሜን ክሮፍት ወደምትባል ደብር ተዛወሩ። በዚያ የነበረው ቤት ሰፊ፣ አትክልቱም ደህና ስለ ነበረ ለልጆቹ ጥሩ ዘመን ሆነላቸው። ቻርልስ እኅቶቹንና ወንድሞቹን የሚያጫውተው እርሱ ነበር። በአትክልቱ ውስጥ የባቡር ጨዋታ ከነሕጉ አዘጋጀላቸው፤ በክር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች የሚሠሩበት ትያትርም ነበራቸው። ከሁሉ በላይ ግን የቤተሰብ ጋዜጣ ነበራቸው። እንደዚህ እንደ እኛው ጋዜጣ በስቴንስል የሚባዛ አልነበረም፤ በእጅ የሚጻፍና ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ለጋዜጣው ጽሑፍ እንዲያዋጡ ሁሉም ይጋበዛሉ፤ ጥቂቶቹም መጀመሪያ ላይ ያዋጡ ነበር። ኋላ ግን ሁሉም ደከማቸውና ከዳር እስከ ዳር የሚጽፈው ቻርልስ ብቻ ሆነ። (ይህ ነገር በሌሎች ጋዜጦችም እንደሚደርስ የጋዜጣችን አዘጋጆች ይመሰክራሉ።) ከእነዚህ የቤት ጋዜጦች የመጨረሻውን «ሚሽማሽ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ድብልቅልቅ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም እንያዘው፤ ወደፊት እንደገና እናገኘዋለን።

ከቤት ከወጣ በኋላ የነበረው ጊዜ ግን ጥሩ አልነበረም። በ1846 ወደ ራግቢ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በትምህርቱ ሽልማት የሚያገኝ ልጅ ነበር። ሆኖም ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን የሚያሠቃዩበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ሌሊቱም ለትንንሾቹ ዕረፍት የማይሰጥ ስለ ነበረ፣ አድጎ ሲያስታውሰው ያንን ሦስት ዓመት እንደገና ለመኖር በምንም ዋጋ እንደማይስማማ ጽፏል። የሚንተባተብ ልጅ በእንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

በጃንዋሪ 1851 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክራይስት ቸርች በሚባለው ኮሌጅ ለመኖር ገባ። በገባ በሁለተኛው ቀን እናቱ በድንገት ማረፋቸውን የሚገልጽ መልእክት ደረሰው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ቀብሩን አስቀብሮ ተመለሰና ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1854 በሒሳብ ከፍተኛውን ማዕረግ አግኝቶ ተመረቀ፤ በሚከተለው ዓመትም የሒሳብ መምህር ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የኮሌጁ ነዋሪ ነበር። በ1852 በኮሌጁ ያገኘው የቋሚ አባልነት ቦታ ሁለት ግዴታዎች ነበሩበት። አንደኛው ሚስት አለማግባት ነው። ሁለተኛው ክህነት መቀበል ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ስሙን ያበጀው። በ1856 አንድ መጽሔት ግጥሙን ለማተም ፈለገና የብዕር ስም ተጠየቀ። በመጀመሪያ ከትውልድ መንደሩ ስም ቈርጦ «ዴርስ» የሚል ላከ፤ አዘጋጁ አልተቀበለውም። ያን ጊዜ ቻርልስ ቁጭ ብሎ የራሱን ስም ፊደል በፊደል ፈታው። «ቻርልስ ሉትዊጅ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዐሥራ አምስት ፊደላት አሉት። እነዚሁን ዐሥራ አምስት ፊደላት፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ፣ ቦታ ቦታቸውን ቢለውጥ «ኤድጋር ከትዌሊስ» የሚል ስም ወጣለት። ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደና ሁለቱን ስሞች ወደ ላቲን መለሳቸው፤ ካሮሉስ እና ሉዶቪከስ ሆኑ። ቅደም ተከተላቸውን ገልብጦ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሳቸው ሉዊስ ካሮል ሆኑ። አራት ስሞች ላከና አዘጋጁ ይህን መረጠ። እንግዲህ ዓለም የሚያውቀው ይህ ስም ራሱ ከቃል ጨዋታ የተወለደ ነው። አዘጋጁ ሌላውን መርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአሊስን መጽሐፍ የኤድጋር ከትዌሊስ ድርሰት እያልን እንጠራው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግሩ እንምጣ። ዲሴምበር 22 ቀን 1861 በጳጳሱ በሳሙኤል ዊልበርፎርስ እጅ ዲቁና ተቀበለ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዲቁና ብዙውን ጊዜ ወደ ቅስና የሚያልፉበት በር እንጂ የሚቀመጡበት ቤት አይደለም። ቻርልስ ግን በበሩ ላይ ቀረ፤ ቄስ ሳይሆን ሠላሳ ስድስት ዓመት ዲያቆን ሆኖ ኖረ፣ ዲያቆን ሆኖ ሞተ። የኮሌጁ አለቃ ሄንሪ ሊደል በ1862 ነገሩን ካነጋገሩት በኋላ ሳያስገድዱት ተዉት። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ትያትር ይወድ ስለ ነበረ ነው ይላሉ፤ ጳጳሱ ቄሶች ትያትር ቤት እንዲገቡ አይፈልጉም ነበርና። ሌሎቹ ራሱን ለቅስና እንደማይበቃ ይቆጥር ነበር ይላሉ። አንደበቱ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ቄስ በሕዝብ ፊት ማንበብ አለበት። መስበክ አለበት። ቃሉ በጉሮሮው ላይ ቢቀርበትስ?

በ1862 የደረሰበት አንድ ነገር በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ተመዝግቧል። በቤተ ክርስቲያን የጸሎቱን ሥርዓት እንዲመራ ተደረገ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በደህና አነበበ፤ ራሱም ተደስቶ ነበር። ከስብከቱ በፊት የሚዘመረውን መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ ለሕዝቡ ማንበብ ነበረበት። በዚያ ስንኝ ውስጥ ሁለት ቃላት ተከታትለው መጡ፤ አንዱ ጠብ ማለት ነው፣ ሁለተኛው የበረታ ማለት ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት በሦስት ፊደላት ነው፤ ኤስ፣ ቲ፣ አር። እነዚያ ሦስት ፊደላት አንድ ጊዜ ቢመጡ ምናልባት ያልፋቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ተደራርበው ሲመጡ ግን አሸነፉት፤ ስንኙን ሳይጨርስ ተወው።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መድረክ ላይ ምንባብ እንድናነብ ስንጠራ ጉልበታችን የሚርደን ጥቂቶች አይደለንም። ያ ሰው በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ የተሸነፈው ግን በማያውቀው ቃል አልነበረም። ትርጉሙን ያውቃል፣ አጻጻፉን ያውቃል፤ በዓይኑ ፊት ተጽፎ ያየዋል። የጎደለው ከዓይን ወደ አፍ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መድኃኒት መፈለጉ አልቀረም። ጄምስ ሃንት ወደሚባል በዘመኑ ስለ መንተባተብ ሕክምና ወደ ታወቀ ሰው ይሄድ ነበር። ሕክምናው ፈጽሞ አላዳነውም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ጆርጅ ማክዶናልድ ከሚባለው ደራሲ ጋር ተዋወቀ። ነገሩ እንዴት እንደሚያያዝ ተመልከቱ። ጁላይ 4 ቀን 1862 ቻርልስ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የኮሌጁን አለቃ የሊደልን ሦስት ሴቶች ልጆች በጀልባ ይዞ ወንዙን ወደ ጎድስቶው ሲወጣ፣ ልጆቹ ተረት ንገረን ብለው ስለ ወተወቱት የአሊስን ታሪክ በቃሉ ፈጠረላቸው። መካከለኛይቱ አሊስ ጻፍልኝ አለችውና ጻፈላት። ጽሑፉን ለማክዶናልድ ቤተሰብ ሰጥቶ ቢነበብ ልጆቹ እጅግ ወደዱትና መታተም አለበት ተባለ። በ1865 ታተመ። እንግዲህ አንደበቱ ባይያዝ ኖሮ ሃንትን ባላወቀ፣ ሃንትን ባያውቅ ማክዶናልድን ባላገኘ።

በመጽሐፉ ውስጥ ዶዶ የሚባል ወፍ አለ፤ ዶዶው ደራሲው ራሱ ነው። ስሙን ሲናገር «ዶ-ዶ-ዶጅሰን» እያለ ስለሚይዘው ነው ወፉን የመረጠው የሚል ወሬ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ወሬው ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አልቀረበለትም። ከሊደል ቤተሰብ ጋር ያለው ቀረቤታ በ1863 ድንገት ቀዘቀዘ። በዚያ ወቅት የጻፈው የማስታወሻ ገጽ ተቈርጦ ወጥቷል፤ ከዐሥራ ሦስቱ ደብተሮቹም አራቱ ጠፍተዋል። ስለ ሕፃናት ወዳጆቹም ስለዚያ ገጽም ብዙ ክርክር ተጽፏል። እኔ በበኩሌ የሌለ ገጽ አንብቦ ፍርድ መስጠት አይቻልም ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ወደ ፊደሎቹ እመለሳለሁ።

ቻርልስ የቃል ጨዋታዎቹን አብዛኛውን የፈጠረው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። በ1877 በገና ሰሞን ጁሊያና ኤቴል አርኖልድ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶች የምንሠራው አጣን ብለው ቢያስቸግሩት አንድ ጨዋታ አበጀላቸው። (ጁሊያ ኋላ የእውቁ ደራሲ የአልደስ ሃክስሊ እናት ሆናለች።) ጨዋታው እንዲህ ነው። በፊደል ቁጥር እኩል የሆኑ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገር የሚቻለው በየጊዜው አንድ ፊደል ብቻ በመለወጥ ነው፤ በመካከሉ የሚገኘውም ሁሉ እውነተኛ ቃል መሆን አለበት። የሰጠው ምሳሌ ራስን ወደ ጅራት መለወጥ ነበር። ኤች-ኢ-ኤ-ዲ፣ ራስ፣ ይነሣል። የመጨረሻውን ዲ በኤል ቢተኩት ኤች-ኢ-ኤ-ኤል፣ መፈወስ፣ ይሆናል። ከዚያ ቲ-ኢ-ኤ-ኤል፣ እርሱም የዳክዬ ዓይነት ነው። ከዚያ ቲ-ኢ-ኤል-ኤል፣ መንገር። ከዚያ ቲ-ኤ-ኤል-ኤል፣ ረጅም። በመጨረሻም ቲ-ኤ-አይ-ኤል፣ ጅራት። በአምስት እርምጃ ራስ ጅራት ሆነ ማለት ነው። በ1879 «ቫኒቲ ፌር» የሚባለው የሎንዶን ሳምንታዊ መጽሔት ጨዋታውን እያወጣ አንባብያንን አወዳደረበት። አንባብያኑ ማንም የማያውቀውን ጥንታዊ ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እየለቀሙ ይልኩ ስለ ጀመር፣ ቻርልስ በጨዋታው መጽሐፍ ላይ የተፈቀዱትን ቃላት ዝርዝር አብሮ ማሳተም ግድ ሆነበት። ሰው በጨዋታም ቢሆን ሕግ ካልተጻፈለት አያርፍም።

በመጀመሪያ ያነሣሁት የጂ እና የፒ ጨዋታ ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በጁን 1881 «መንዝሊ ፓኬት» በሚባል መጽሔት ታተመ፤ ስሙንም ከልጅነቱ የቤት ጋዜጣ ወስዶ «ሚሽማሽ» አለው። ከጨዋታዎቹ ሁሉ እኔን የማረከኝ ይህ ነው፤ ወረቀት እንኳ አይፈልግምና። ሁለት ሰዎች፣ ወይም ሁለት ቡድኖች ይጫወቱታል። አንዱ ለሌላው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፊደላት ይሰጣል። እነዚህን ፊደላት ቻርልስ አስኳል ብሎ ጠራቸው፤ ሌላው ያንን አስኳል በውስጡ የያዘ ቃል ያወጣል። ፊደላቱ በተሰጡበት ቅደም ተከተል፣ በመካከላቸው ሌላ ሳይገባ መገኘት አለባቸው። ቃሉም በሰው ዘንድ የተለመደ እንጂ የሰው ወይም የአገር ስም መሆን የለበትም። ደግሞ አንድ ተንኮል አለበት፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ አስኳል መስጠት ይችላል። ተጠያቂውም እንዲህ ያለ ቃል በቋንቋው የለም ብሎ መቁረጥ ይችላል።

ቻርልስ የሰጣቸው ምሳሌዎች ሦስት ናቸው። አንደኛውን አይተናል። ሁለተኛው ኢ-ኤም-ኦ ነው፤ መልሱ «ሌመን»፣ ሎሚ፣ ነው። «ሜሞሪ» ወይም «ዴሞክራሲ» ብንልም ትክክል ነው። ሦስተኛው አይ-ኤም-ኤስ-ኢ ነው። ይህ እውነትም ያስጨንቃል። ሰው የውጭ ቃል፣ የሳይንስ ቃል፣ ረጅም ቃል ሲያስስ ይቆያል። መልሱ ግን «ሂምሰልፍ»፣ ራሱ፣ የሚለው ነው፤ በእንግሊዝኛ ትምህርታችን መጀመሪያ ዘመን የተማርነው ቃል!

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማወቅ ለእንግሊዝኛ ተማሪ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ በጂፒ የሚጀምር ቃል የለም፤ ድምፁም በአንድ ትንፋሽ አይወጣም። ስለዚህ ሁለቱ ከተጎራበቱ ቃሉ ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ የፊተኛው ቁራጭ በጂ ያልቃል፣ የኋለኛው በፒ ይጀምራል። ይህን ካወቅን በኋላ ፍለጋው ይቀላል። በጂ የሚያልቁ አጫጭር ቃላት እንቁጠር፤ ፒግ፣ ባግ፣ ዶግ። በፒ የሚጀምሩትንም እንቁጠር፤ ፔን፣ ፓይፕ፣ ፓይ። አሁን እናጋጥማቸው። ፒግ እና ፔን «ፒግፔን»፣ የአሳማ በረት፣ ሆኑ። ባግ እና ፓይፕ ደግሞ «ባግፓይፕ»፣ ስኮትላንዶች የሚነፉት ባለ ከረጢት ዋሽንት፣ ሆኑ። «ሂምሰልፍ»ም እንዲሁ በኤም እና በኤስ መካከል የተሰፋ ቃል ነው። ዓይናችን ስፌቱን ስለማያይ ነው የሚያስቸግረን። በእኛ ፊደል ቢሞከር ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ «ግብ» ያለበትን አምጡ ብንባል ምግብ፣ ግብር፣ ግብዣ ብለን ወዲያው እንደረድራለን።

ሌላው የእንግሊዝኛ ጉድ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ነው። ኤስ-ቲ-ኤም ያለበት ቃል ቢባል ለእኛ ቅርቡ «ክሪስማስ» ነው፤ በጆሮ ቲ አይሰማበትም እንጂ በዓይን አለበት። ይሁንና በሚሽማሽ ሕግ አያስቆጥርም፤ የበዓል መጠሪያ ስም ነውና። «ፖስትማን»፣ ደብዳቤ አዳዩ፣ ግን ያስቆጥራል። ኤክስ-ኤች ቢባል ደግሞ ኤግዚቢሽን አለ፤ ኤች መኖሩን ከአነጋገሩ ማን ያውቃል? ስለዚህ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው አንደበተ ርቱዕ ሳይሆን ዓይነ ስል የሆነው ነው። በሚሽማሽ ላይ ኤስ-ቲ-አር ብትሰጡት ቻርልስ ስትሪት፣ ኢንዱስትሪ፣ ኦርኬስትራ እያለ ያለ ማቋረጥ ያስቈጥር ነበር። በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ያሸነፉት እነዚያው ሦስት ፊደላት ናቸው። ይህን ሁሉ ጨዋታ የፈጠረው አንደበቱን ለመበቀል ነው አልልም፤ እርሱ እንዲህ ብሎ አልጻፈም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ለየብቻ ማሰብ አልቻልኩም።

በዚያው በ1881 ከማስተማር ሥራው ወጣ። ከእርሱ የተማሩት አንዳንዶች ትምህርቱ ደረቅ ነበር ይላሉ። እርሱም ለመጻፍ ጊዜ ይፈልግ ነበር። በ1880 መጨረሻ በማስታወሻው ላይ ያሰፈረው አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ፊደላትን በቼዝ ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሱ ቃል እንዲሠሩ ማድረግ ነው። በሠላሳዎቹ ዓመታት አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ከጋዜጣ ላይ ፊደላትን እየቈጠረ የትኛው እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚያንስ ለይቶ የፊደል ጨዋታ ሠራ፤ ያም በ1948 «ስክራብል» የሚለውን ስም ይዞ ወጣ። ቻርልስ ግን ሐሳቡን ጽፎ አልፎታል። በ1891 ደግሞ አንድ ሌላ ጨዋታ አወጣ፤ ሁለት ቃላት የጋራ የሆነ የፊደል ቡድን ካላቸው እንደ ዘመድ የሚተዋወቁበት ነው። የባሕር አውሬውን ዋልረስን ከአናጢው፣ ከካርፔንተር፣ ጋር አስተዋወቀ። ዋልረስ መጨረሻው ላይ ያለውን አር-ዩ-ኤስ ለ«ፐሩዝ»፣ ማንበብ ለሚለው ቃል፣ ያካፍላል። ፐሩዝ ፒ-ኢ-አርን ለ«ሃርፐር»፣ ለበገና ደርዳሪው፣ ይሰጣል። ሃርፐርም ኤ-አር-ፒ-ኢን ለካርፔንተር ያቀብላል። ሁለቱ ባለታሪኮች እርሱ በ1871 ባወጣው በሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ሒሳብ ወይም ፊደል ያሰላስል ነበር። በ1868 የጠቅላይ ሚኒስትርነት ተስፋ የነበረውን የግላድስተንን ሙሉ ስም ሃያ አንድ ፊደላት በጨለማ ተኝቶ እያገላበጠ ሌላ ዐረፍተ ነገር አውጥቶበታል፤ ምስሎችን ሁሉ ልታፈርስ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ነው። በፖለቲካ አይስማሙም ነበርና። ጨለማው እንዳያስረሳውም በ1891 መብራት ሳይበራ የሚጻፍበት መሣሪያ ሠራ፤ ዐሥራ ስድስት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት ካርቶን ሲሆን፣ ለእርሱ የሚስማማ አዲስ የፊደል ገበታም አብሮ ፈጠረለት። ደብዳቤዎቹን ደግሞ የላካቸውንም የተቀበላቸውንም ከ1861 ጀምሮ በቁጥር ይመዘግብ ነበር፤ የመጨረሻው ቁጥር 98,721 ነው። ለአፉ ያልታዘዘለት ቃል ለእጁ እንዲህ ይታዘዝለት ነበር።

አንደበቱንም ቢሆን ፈጽሞ አልተወውም። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ለኮሌጁ አገልጋዮች በሚደረገው ጸሎት ላይ፣ በኦክስፎርድ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በበጋም በሚያርፍበት በኢስትቦርን ሰብኳል። አስቀድሞ በብርቱ ተዘጋጅቶ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው።

በ1897 መጨረሻ እንደ ልማዱ ገናን ከእኅቶቹ ጋር ለማሳለፍ ወደ ጊልፎርድ ሄደ። በዚያ ኢንፍሉዌንዛ ያዘውና ወደ ሳንባ ምች ተለወጠበት። ጃንዋሪ 14 ቀን 1898 አረፈ፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። መቃብሩ በዚያው በጊልፎርድ ነው።

በሚቀጥለው እትም መልሱን እስክናወጣ ድረስ እናንተም በሚሽማሽ ሕግ ሞክሩ። መጀመሪያ ኤች-ዲ ያለበትን አምጡ፤ በየዓመቱ አንድ ቀን ለእያንዳንዳችን የሚነገር ቃል ነው። ቀጥሎ ኤን-ኬ-ኤፍ ያለበትን፤ ውለታ የተደረገለት ሰው የሚሆነው ነው። በመጨረሻ ደብልዩ-ኬ-ደብልዩ፤ ይህኛው ከበድ ስለሚል ስፌቱን ፈልጉ።